ቸሩ አሥራ ሁለት

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲፋጭ በሰማሁ ቁጥር መካነ ሰላም የነበረው የጭቃ ቤታችን ይመጣብኛል። አባቴ የሒሳብ መምህር ስለነበር የበሩን ጀርባ በከሰል አጥቁሮ፣ ከሥራ ሲመለስ እኛን አራት ልጆቹን ፊቱ አስቀምጦ ያስተምረን ነበር።

አዝመራው በገባበት በጋ አሥራ ሁለት ፍሬ ባቄላ ቁርበት ላይ ይደረድርና፣ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት እኩል እየከፈለ «አያችሁ፣ ማንንም አያስከፋም» ይለን ነበር። ከዚያ እነዚያኑ አካፋዮች ከአንድ ጋር ደምሮ አሥራ ስድስት ሲመጣለት፣ «ቸር ቁጥር ነው፤ የሚሰጠው ካለው ይበልጣል» እያለ ይስቃል። የሁላችን ታናሽ ይመር የሒሳቡ ነገር ሳይገባው ባቄላውን እያነሳ ይበላበት ነበር።

በዓመቱ ዝናቡ ቀረ። የአባቴ ደመወዝ ቢኖርም ገበያው ላይ እህል አልነበረም። እናቴ ከገብስና ከጓያ አንድ ቂጣ ጋግራ፣ አሥራ ሁለት ቦታ ቆርጣ፣ ለስድስታችን ጠዋት አንድ አንድ፣ ማታ አንድ አንድ ታድለን ነበር።

በልጉም ሳይዘንብ አልፎ ከወረኢሉ በኩል ስደተኛ ሲጎርፍ፣ እናቴ መንገድ ዳር እናቷ የሞተችባትን ዘሀራን፣ የኔን እኩያ፣ እጇን ይዛ አስገባቻት። አባቴ በር ላይ ቆሞ አያቸው።

«እናቷ አላህን እየጠራች ነው የሞተችው፤ እንዴት ብዬ ጥያት ልምጣ?» አለችው።

«ማን ጣያት አለሽ?» አለና መንገዱን ለቀቀላቸው።

ሰባት ሆነንም ቂጣው አሥራ ሁለት መቆረጡ አልቀረም። እናቴ «እኔ ሳበስል ቀምሻለሁ» ትለን ነበር፤ ሁላችንም ደክሞን ስለነበር የጠየቃት የለም። አንድ ቀን ምንጭ ወርዳ ወድቃ፣ ጎረቤቶች ተሸክመው አመጧት። አባቴ የቀለለ ክንዷን ይዞ ብዙ ከቆየ በኋላ ቢላዋውን አንስቶ ቂጣውን ራሱ አሥራ አራት ቦታ ቆረጠው። ቁራሾቹ ጠማማ ሆኑ።

«አባዬ፣ አሥራ አራትም ቸር ነው?» አለችው ታላቅ እኅቴ።

«አይደለም። አንድ፣ ሁለትና ሰባት ቢደመሩ አሥር ብቻ ነው፤ ንፉግ ነው» አላት። ቀጥሎ ቁራሹን እናቴ አፍ ላይ አድርጎ፣ «ይንፈግ። አንቺ ብቻ ብዪ» አላት።

እናቴ ተረፈች። ክረምቱ ሲዘንብ ግን ተቅማጥ ገባና ይመርን ወሰደብን። ንጉሡ ወረዱ ተብሎ ወጣቶች በገበያው መሐል እየዘፈኑ ሲያልፉ፣ እኛ ከቀብር እየተመለስን ነበር፤ መንገድ ለቀን አሳለፍናቸው። በማግስቱ እናቴ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ቂጣውን አሥራ ሁለት ቦታ ቆረጠችው። እኩል ደረሰን። አባቴ ድርሻውን እጁ ላይ እንደያዘ ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ።

ዛሬ ዘሀራ እዚያው መካነ ሰላም የልጅ ልጅ አይታለች። በኢድ እሄድላታለሁ፣ በፋሲካ ትመጣልኛለች። ያኔ ስንበላ የማኘክ ድምፅ እንኳ እንዳይሰማ አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ አሁን ልጆቹ ትሪውን ከበው ይጯጯሃሉ፣ ይጣላሉ፣ ምግቡን ጀምረው ይተዉታል። እኔና ዘሀራ ደክሞን ግድግዳ ተደግፈን እንሰማቸዋለን፤ ዝም በሉ የሚላቸው የለም።