ስድስት ሳምንት የቆየ ከሰል

የእቶን ሠራተኛው አለቃውን የሚያናግረው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። አለቃው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ እሳትና ጭድ ከሆኑ ቆይተዋል፤ በከሰል ፋብሪካው ይህን የማያውቅ ቢኖር የጥበቃው ውሻ ብቻ ነው።

የእቶን ሠራተኛውን ጥላሸት ይሉታል። ሃያ ሁለት ዓመት የቆመበት ሥራ ከሰሉ ላይ የተለጠፈውን ኦክስጅን ማራገፍ ነው። ኦክስጅን የያዘ ከሰል ውሃ ይወዳል። ደንበኛው የቀለም ፋብሪካ ግን ከሰሉን የሚገዛው ከእርጥብ አየር ውስጥ የቀለሙን ትነት እንዲይዝለት እንጂ ውሃ እንዲጠጣለት አይደለም። ስለዚህ ጥላሸት አየሩን በናይትሮጅን አስወጥቶ እቶኑን ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ያደርሳል፤ ሦስት ሰዓት ሃይድሮጅን ያሳልፍበታል፤ እንደገና ናይትሮጅን ይለቅበትና ከሰሉ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ክዳኑን አይከፍትም። ከዚያ ቆንጠር አድርጎ ውሃ ላይ ይበትናል። ከተንሳፈፈ አለፈ፤ ከሰመጠ ወደቀ።

አማቹ አለቃ ሆኖ በመጣ በወሩ ሃይድሮጅኑን አስቀረው።

«ኦክስጅኑን የሚያባርረው ሙቀቱ ነው። ናይትሮጅን ይበቃዋል» አለ።

«ሙቀት ያባርረዋል፤ ቦታው ግን ክፍት ይቀራል» አለ ጥላሸት። «ክፍቱን የሚደፍነው ሃይድሮጅኑ ነው። አለዚያ አየር ሲያገኝ ኦክስጅኑ ተመልሶ ይለጠፋል።»

«ማን አስተማረህ?»

«አንተ ዳዴ ስትል እዚህ የነበሩት ኬሚስት።»

«እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል። አንተም ደርሰሃል።»

ከሰሉ ያለ ሃይድሮጅን ተሠራ። በወጣበት ቀን ተፈተነ፤ ተንሳፈፈ። አለቃው ፈገግ ብሎ ፈረመ። በፋብሪካው ደንብ ከሰል የሚፈተነው በወጣበት ቀን ብቻ ነው፤ መጋዘን ከገባ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

በሁለት ወሩ ደንበኛው ሠላሳ ጆንያ መለሰ። ከሰሉ የተሞላበት ማጣሪያ ውሃ ጠጥቶ የቀለሙን ትነት አሳልፎታል። አለቃው በዚያው ቀን ደብዳቤ ጻፈ፦ የእቶን ሠራተኛው ከሰሉ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን በመክፈቱ ምርቱ ስለተበላሸ፣ ከእቶኑ ተነሥቶ ጆንያ ወደሚሰፋበት ክፍል ይዛወር።

እቤት ሚስቱ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች።

«ይቅርታ ጠይቀውና ይለፍ። ወንድሜ ነው።»

«ያላጠፋሁትን?»

«አንተ መቼ አጥፍተህ ታውቃለህ! ከከሰል ጋር ኖረህ ከሰው መኖር ጠፋብህ።»

«ከሰል ቢያንስ ዘመድ የለውም» አለና ሳህኑን ገፋው።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ገባ። ዝውውሩ ስድስት ሳምንት እንዲቆይለትና የአንድ ጆንያ ከሰል ለሁለት ከፍሎ ተራ በተራ እቶን እንዲያስገባ ጠየቀ፤ አንዱን በሃይድሮጅን፣ አንዱን ያለ ሃይድሮጅን። እሳቸውም ፈቀዱ። ሁለቱም ጊዜ ክዳኑ የተነሣው እሳቸው እቶኑን በእጃቸው ዳብሰው መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላ ነው። በወጡበት ቀን ሁለቱም ተንሳፈፉ። ከየአንዳንዳቸው ጥቂት በሁለት ብርጭቆ ተደረገና፣ አየር እንዲያስገቡ አፋቸው በስስ ጨርቅ ታስሮ በሥራ አስኪያጇ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ።

አለቃው በእቶኑ በኩል ባለፈ ቁጥር አንድ ነገር ጣል ያደርጋል። «ውሃ ወቀጣው እንዴት ነው?»

ጥላሸት ጀርባውን እንደሰጠ እቶኑን ይሞላል።

በስድስተኛው ሳምንት ሥራ አስኪያጇ አለቃውንና ጥላሸትን ቢሮ ጠርተው፣ ሁለት ሳህን ውሃ አስመጥተው ከሰሉን በገዛ እጃቸው በተኑ። በሃይድሮጅን የተሠራው ውሃው ላይ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። ሌላው ጥቂት ተንሳፍፎ ይረጥብ ጀመር፤ ከዚያ ፍሬ በፍሬ ወረደ።

«ሃይድሮጅኑ ይመለስ» አሉ እሳቸው። ወደ አለቃው ዞረውም፦ «ከእንግዲህ ፈተናው በወጣበት ቀንና በስድስተኛው ሳምንት ይሁን። ደብዳቤህን አሁኑኑ ሰርዝ።»

አለቃው እዚያው ቁጭ ብሎ ሁለት መስመር ጻፈ። ጥላሸት ተቀብሎ አነበበው።

«የማን ጥፋት እንደሆነ የለበትም።»

«አይኖርበትም።»

«እንግዲያው ደጄን እንዳትረግጥ።»

«የእህቴ ቤት ነው።»

«እሷን ጠይቃት።»

ጠየቃት። ሚስትየው ልብሷን በሁለት ሻንጣ አድርጋ ወንድሟ ቤት ገባች። ሰኞ ጠዋት ጥላሸት እቶኑን ሞልቶ ክዳኑን ዘጋና የናይትሮጅኑን ቫልቭ ከፈተ።