ሀብተሚካኤል ያላመነው ቅናሽ

ሀብተሚካኤል «ነጻ» የሚል ቃል ሲሰማ ኪሱን የሚዳብስ ሰው ነው። ዴንቨር ውስጥ በሚሠራበት ሆቴል አለቃው ደመወዝ ጨመርኩልህ ሲለው እንኳ፣ ከማመስገኑ በፊት «ለምን?» ብሎ ጠይቋል። ጓደኛዬ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ያደክማል።

በ2025 ኦገስት የባለቤቱ የውድነሽ አሮጌ መኪና አስመረራት። ኮሜርስ ሲቲ ወዳለው መጋዘን ለሥራ ስትሄድ መንገድ ላይ ትቆምባታለች። ግሪን ቫሊ ራንች ያለው ቤታቸው የውሃ ማሞቂያም ማፍሰስ ጀምሯል። ልጃቸው ሔቨን ከኦሮራ መጥታ፣ ሁለቱን ቢቀይሩ መንግሥት ከታክስ የሚቀንስላቸውን ክሬዲት አወዳደረችላቸው።

«ዳዲ፣ ኢፊሸንት ዎተር ሂተር ከገዛህ ታክስ ስትሠራ ነው የሚቀነስልህ፤ የምትከፍለው ታክስ ከሌለ ናቲንግ። ዩዝድ ኤሌክትሪክ መኪና ግን እስከ አራት ሺህ ዶላር፣ እዚያው ዲለሩ ጋ ከዋጋው ይቀነሳል። ክሬዲቱን ለዲለሩ ትራንስፈር ታደርጋለህ። ባት ሴፕቴምበር ሠላሳ ያበቃል፤ ሂተሩ እስከ ዲሴምበር ነው።»

«መብቴን ለመኪና ሻጭ ላስተላልፍ? እዚያው በእጅህ የሚሰጥህ ሰው የሆነ ነገር ፈልጎ ነው። ያበቃል የሚሉትም ለማጣደፍ ነው፤ ‹የመጨረሻ ቀን› የሚል ባነር ዓመቱን ሙሉ ሰቅለው አይደል የሚሸጡት? አንቺስ፣ ኮሚሽን ያስቡልሻል እንዴ?»

ሔቨን ተቀይማ ወጣች። ውድነሽ ምንም አልተናገረች፤ እሱም የተስማማች መሰለው።

ሂተሩን አስገባ። ቆይቶ የሚመጣ ገንዘብ ይታመናል ባይ ነው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ «ቅናሹን አሁንም ይሰጣሉ፣ ታያለህ» ብሎ እኔን ይዞ ዲለር ጋ ሄደ። ሻጩ አብቅቷል አለው። አላመነም፤ ሌላ ዲለር ወሰደኝ። እዚያም መልሱ ያው ሆነ።

  ቤት እንደገባን ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናው አመለጠሽ» አላት።

«አላመለጠኝም» አለች ውድነሽ። «ሴፕቴምበር ላይ ገዝቼዋለሁ። ሔቨን ጋ ነው ፓርክ የማደርገው። በአሮጌው እዚያ ድረስ እሄድና በአዲሱ ሥራ እገባለሁ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ መግቢያ መውጫው ጠፋኝ። እሱ ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የመኪናው ቅናሽ እንዳላመለጣቸው ትዝም አላለው።

«በዚህ አገር አንቺን ብቻ ነበር የማምነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔ ግን አንተን ማመን ፈራሁ።»