የአራተኛው ፉርጎ ተሳፋሪዎች

ጣቢያው ውስጥ ፎጣዬ ነው የሚሏት፤ ከትከሻዋ ላይ ፎጣ ጠፍቶ አያውቅም። ሥራዋ የፈጣኑን ባቡር ወንበሮች ማጽዳት ነው። ሥራውን ያገኘችው ባሏ ስለሞተ ነው። ባሏ ለሐዲዱ ኮረብታ ከሚቆርጡት ሠራተኞች አንዱ ነበር። አንድ ቀን አፈሩ ተናደና ከነጓደኞቹ ዋጠው። ድርጅቱ አዘነ፣ አበባ ላከ፣ ለመበለቲቱ ሥራ ሰጠ። እሷም እንባዋን ጠርጋ ሥራ ገባች። ሌላ ምን ታድርግ?

መስመሩ ከመከፈቱ በፊት የተሰጣት ሥራ ከረጢት መሙላት ነበር። ባቡሩ ሰው ከመጫኑ በፊት የሰው ክብደት ተሸክሞ መሮጥ ነበረበት። ለዚህ ተብሎ፣ የተቀመጠ ሰው ቅርጽ ያላቸው ወፍራም የጎማ ከረጢቶች መጡ። ከረጢቶቹ ውሃ ይሞላሉ፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ በቀበቶ ይታሰራሉ። የጽዳት ሠራተኞቹ “እንግዶቹ” የሚል ስም አወጡላቸው። “ጋሼ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን” እያሉ ይገፏቸዋል። አንዱ ሲያፈስ ደግሞ “እትዬ፣ ምነው? ትንሽ መታገስ አቃተዎት?” ይሉና ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሙከራው ሲያልቅ ውሃው ተደፋ፤ ከረጢቶቹም ተጠቅልለው መጋዘን ገቡ።

ባቡሩ ሥራ ጀመረ። ሰው ግን አልመጣም። ነጋዴው ከነጆንያው አያሳፍሩኝም አለ፤ ተማሪው የትኬቱ ዋጋ አይቀመስም አለ። በመሀል ያሉት ትንንሽ ከተሞች ባቡሩ ሽው ብሎ ሲያልፋቸው ቆመው ከማየት ሌላ የደረሳቸው ነገር የለም። ፎጣዬ ሰው ያልተቀመጠበትን ወንበር ጠዋትም ከሰዓትም ትጠርጋለች። ያልቆሸሸ ነገር ማጽዳት እንዴት እንደሚያደክም የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነው። አሮጊቷ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። እጥበቱ የሚሰጠው በዋናው ከተማ ሆስፒታል ብቻ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ጊዜ በባቡሩ ተወስደው ይመለሳሉ። ባቡሩ ሳይኖር በአውቶቡስ ይሄዱ ነበር። መንገዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ አንድ ጊዜማ መንገድ ላይ ራሳቸውን ስተው የሞቱ መስሎት ተሳፋሪው ሁሉ ተላቅሷል። ያንን አውቶቡስ የሚነዳው ደግሞ የገዛ ልጃቸው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው።

ሾፌሩ ማታ ማታ እናቱን ሊጠይቅ ይመጣል። ሲገባ ሰላምታው አንድ ነው።

“እህትዓለም፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል አየር ጫናችሁ?”

“እናትህን ጭነናል። በአንተ መኪና ቢሆን ኖሮ ይኼኔ ቀብረናቸዋል።”

“እሱን መቼ ካድኩ? ግን እስቲ አስቢው። ያን ሁሉ ተራራ ከሚበሱ አንድ የእጥበት ማሽን እዚህ ቢተክሉ እማዬ ባቡር ምን ያደርግላት ነበር?”

“ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ሐኪሙ እዚህ መጥቶ ይኖራል?”

“ሐኪሙ በባቡር ይምጣ!”

አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ሳቁ ወደ ሳል እንዳይሄድ ይፈራሉ።

“አለቃችን የሚለው ሌላ ነው” አለች ፎጣዬ። “መንገድም አዲስ ሲሆን ባዶ ነው ይላል። ከተማው ወደ ባቡሩ ያድጋል፣ ልጆቻችን ይጠቀሙበታል ይላል።”

“መንገድ ላይ እግረኛውም ጋሪውም ይሄዳል። እናንተ አጥር አጥራችሁ በሽቦ አስራችሁታል።” ሾፌሩ ድምፁን ቀነስ አደረገ። “ደግሞ ወንድሜን የበላ ሐዲድ ነው። ቢያዋጣ እንኳ አያዋጣኝም።”

የጣቢያው ኃላፊ ሲጨንቀው የሚያፏጭ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ከሩቅ እያፏጨ መጣና የጽዳት ሠራተኞቹን ሰበሰበ። መስመሩ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን የሚወስን ኮሚቴ ተቋቁሟል። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አያዋጣም ካለ ጣቢያው ይዘጋል።

“እንግዶቹን አውጧቸው” አለ። “አራተኛው ፉርጎ ላይ አስቀምጧቸው። በሩን ቆልፋችሁ ‘ለጥገና ዝግ ነው’ የሚል ለጥፉበት። በመስታወቱ ሲታይ ሰው የሞላበት ይምሰል። ራስ ሥሩላቸው። ከየቤታችሁ አሮጌ ልብስ አምጡና አልብሷቸው።”

አንዲቷ ልትስቅ ጀምራ የሱን ፊት ስታይ ተወችው።

በማግስቱ ሁሉም ጥቅል ይዞ መጣ። ፎጣዬ ያመጣችው የባሏን ቡናማ ጃኬት ነበር። ሸሚዞቹን ወንድሙ ወስዶ ለብሷቸዋል፤ ጃኬቱን ግን ደፍሮ የነካው አልነበረም። አፈሩ የተናደ ቀን ሙቀት ስለነበረ ቤት ትቶት ነው የሄደው። ከስፖንጅ ራስ ሠራች፣ ባርኔጣ ደፋችበት፣ ጃኬቱን አልብሳ መስኮት ጥግ አስቀመጠችው። ውሃው ስለሚከብድ ወደ መስታወቱ ዘንበል አለ። ልታቃናው ሞከረች፤ እንቢ አላት። ተወችው።

የሚቀጥለው የእጥበት ቀን አማቷን ደግፋ የመሳፈሪያው መድረክ ላይ ቆማለች። ባቡሩ ፍጥነቱን እየቀነሰ ገባ። የኋላዎቹ ፉርጎዎች መስኮቶች አንድ በአንድ በፊታቸው አለፉ። አሮጊቷ ክንዷን ጨበጥ አደረጉ። እንደተለመደው የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ ተቀመጡ፣ ሄዱ፣ ታጠቡ፣ ተመለሱ። ቤት ገብተው ጫማቸውን ስታወልቅላቸው ነው የተናገሩት።

“ከኋላ ነው የሚቀመጠው።”

“ማን እማዬ?”

“ልጄ ነዋ። መስኮቱን ተደግፎ ተኝቷል። ከሥራ ሲመጣ እንዲያ አልነበር የሚተኛው?”

ፎጣዬ ጫማውን እንደያዘች ቀረች።

“ከእንግዲህ ያ ደም ማጠብ ይቅርብኝ” አሉ አሮጊቷ። ድምፃቸው የገበያ ነገር የሚያወሩ ይመስላል። “መንገዱን ሠርቶ ጨርሶ ሊወስደኝ መጥቷል። ታጥቤ እስክጨርስ ጠብቀኝ እለዋለሁ?”

ቀጣዩ ቀን ሲደርስ ከአልጋ አልወርድም አሉ። እግራቸው አበጠ፤ ፊታቸው ገረጣ። ሾፌሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

“ምን አይታ ነው? እህትዓለም፣ አንቺ አብረሻት አልነበርሽም እንዴ?”

“እኔ ምንም አላየሁም” አለች።

ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ለሾፌር መንገር ለአውቶቡስ ሙሉ ሰው መንገር ነው። ወሬው ኮሚቴው ጆሮ ከገባ መስመሩ አለቀለት፤ መስመሩ ካለቀለት አሮጊቷም አለቀላቸው። ዝም ብትልም ያው ነው። አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ሆነው ልጃቸውን እየጠበቁ ይሞታሉ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚፈጥን ብቻ ነው ልዩነቱ።

በማግስቱ ጠዋት አማቷን “ልጅሽ ጋ ልውሰድሽ” አለቻቸው። ወዲያው ተነሱ። አንቺ ብላ ስትጠራቸው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር፤ ሁለቱም ልብ አላሉትም።

ባቡሩ ሊነሳ ጊዜ ነበረው። አራተኛውን ፉርጎ ከፍታ አስገባቻቸው። ውስጡ ዝም ያለ ነው፤ የጎማና ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ልብስ ሽታ አለው። ረድፍ ረድፍ ይዘው የተቀመጡት ሁሉ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተዋል። ፎጣዬ ለብቻዋ ስታጸዳ ጀርባቸው በኩል ነው የምትሠራው።

አሮጊቷ የወንበሮቹን ጠርዝ እየያዙ አለፉ። አንዱ ጋ ቆሙ።

“ይኼ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ኮት ነው። ኪሱ ላይ ያለውን እራፊ እኔ ነኝ የጣፍኩለት።” ቀጥለው አንድ ሻሽ ነኩ። “አዋላጇ። ነፍሷን ይማርና አንቺንም እሷ ናት ያዋለደችሽ።” ወደሚቀጥለው ሄዱ። “ይቺ ደግሞ የመምህሩ ልጅ አይደለችም? በትኩሳቱ የሞተችው?”

ፎጣዬ በዚያች ደቂቃ ነው የገባት። ማንም ከማንም ጋር አልተመካከረም። ኃላፊው አሮጌ ልብስ አምጡ አለ እንጂ የሟች ልብስ አላለም። ግን የሰው ቤት ውስጥ የማይለበስም የማይጣልም ልብስ የማን ነው? እያንዳንዳቸው ያችኑ አንዲቷን ልብስ ይዘው መጥተዋል። እንግዶቹን ራሷ ስትገፋ፣ ራሷ ስታቃና ከርማለች። አንዱንም አላወቀችውም ነበር። አሁን ግን ሁሉንም አወቀቻቸው።

አሮጊቷ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ባርኔጣውን አንስተው ስፖንጁን አዩ፤ መልሰው ደፉት። እጃቸውን ጃኬቱ ደረት ላይ አደረጉ።

“ውሃ ነው” አሉ።

“አዎ እማዬ። ውሃ ነው። እኔ ነኝ የሞላሁት። አልመጣም። ማንም ሊወስድሽ አልመጣም።”

ሞተሩ ተነሳ። ወለሉ ስስ ንዝረት ጀመረው። አሮጊቷ አጎንብሰው ጆሯቸውን ጃኬቱ ላይ ለጠፉ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሱም።

“ይመታል” አሉ።

“ሞተሩ ነው እማዬ።”

“ሞተሩ መሆኑን መቼ አጣሁት? ይመታል ነው ያልኩሽ።” ጎኑ ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እዚህ ከተቀመጥኩ ለእጥበቱም እሄዳለሁ። እመለሳለሁም።”

“እዚህ እኮ ዝግ ነው።”

“እንግዲያው ቆልፊብኝ።”

ቆለፈችባቸው። ከበሩ ፈቅ ሳትል የኃላፊው ፉጨት ተሰማት። ኮሚቴው መጥቷል፤ ከዋናው ከተማ ሳይሆን ከዚሁ ሊሳፈር። ሰብሳቢዋ ወፍራም መነጽር ያደረገች ሴት ናት። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን አለፈች። የታየው ባዶ ወንበር ነው። የአራተኛው በር መስታወት ጋ ስትደርስ ቆመች። ኃላፊው ፉጨቱ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

ከብዙ ዝም ያሉ ራሶች መሀል የአንዲት አሮጊት ራስ ዞረ። አሮጊቷ ሰብሳቢዋን አዩ፣ ጎናቸው ያለውን ባለ ጃኬት አዩ፣ ከዚያም ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

ሰብሳቢዋ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ኋላ አፈገፈገች። “ደክሟቸዋል” አለች በሹክሹክታ። “አንረብሻቸው።” የተለጠፈውን ወረቀት ያነበበው አልነበረም፤ ወይም ያነበበው መናገር አልፈለገም። ሪፖርቱ ወጣ። መስመሩ ቀስ በቀስ ተጠቃሚ እያፈራ ነው፤ ይቀጥላል።

አሮጊቷ እጥበታቸውን አላቋረጡም። የእግራቸው እብጠት ወረደ። ለሦስት ቤት ብቻ ነገሩ፦ ለወፍጮ ቤቱ፣ ለአዋላጇና ለመምህሩ ቤት። እነዚያ ደግሞ ለሌሎች ነገሩ። አንድ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ መበለት ትኬት መቁረጫው ጋ ቀርባ “አራተኛው ፉርጎ ላይ” አለች። ኃላፊው የዝግ ነው ወረቀቱን አነሳ። ከዚያ በኋላ ሰው በዛ። ዋናው ከተማ ጉዳይ የሌለው ሁሉ ይሄዳል፤ ደርሶ ሳይወርድ ይመለሳል። አንዱ ከአንዱ ጋር አያወራም። ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ተሳስቶ ከገባ ትንሽ ይቀመጥና ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ፉርጎ ያልፋል። ምክንያቱን ቢጠይቁት አያውቀውም፤ ይበርዳል ይላል። ሬዲዮው የተሳፋሪው ቁጥር ማደጉን ተናገረ፤ የተጠራጠሩት እንዳፈሩም ጨመረበት።

ቅሬታ የመጣው ከተሳፋሪዎቹ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሴትዮ ኃላፊውን መንገድ ላይ ያዘችው።

“ትንሽ ቀስ አይልም?”

“እመቤት፣ ፈጣን ባቡር እኮ ነው!”

“እሱማ ነው። ግን ገና ተቀምጠን ሳንጠግብ ደረስን ይሉናል።”

ሾፌሩ ለብዙ ጊዜ ማታ ማታ መምጣቱን ተወ። ከዚያ አንድ የእረፍት ቀኑ ጠዋት ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ የወንድሙን ሸሚዝ ለብሶ ጣቢያው ታየ። ፎጣዬ መድረኩ ላይ ሆና የአራተኛውን ፉርጎ መስኮቶች ከውጭ ትጠርጋለች።

“እህትዓለም” አላት። ስለ አየር ኩንታል አላነሳም። “እውነት ነው?”

“ውሃ ነው። ምን ልበልህ? ውሃ ነው።”

“እማዬም ውሃ ነው አለችኝ።” ትኬቱን እጁ ላይ አገላበጠው። “በእኔ አውቶቡስ ቢሆን ቀኑን ሙሉ አብራችሁት ትውሉ ነበር።”

“አምጣዋ መኪናህን። እንጭናቸዋለን።”

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። “ጎኑ ቦታ አለ?”

“በአንድ በኩል እናትህ ናት። በሌላው በኩል መስኮት ነው። ፊት ለፊቱ ተቀመጥ።”

“አንቺስ? ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?”

“እኔ ሥራ ላይ ነኝ።”

ገባ። በመስታወቱ ውስጥ አየችው፤ እየተደናበረ መጥቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና የጃኬቱን እጅጌ ያዘ። አሮጊቷ አንድ ነገር አሉት። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ቀና አላሉም። ከውጭ ሆና የትኛው ከቤት የመጣ፣ የትኛው ከመጋዘን የወጣ እንደሆነ ለመለየት አፍጥጣ ማየት ነበረባት። ማፍጠጥ ደግሞ አልፈለገችም።

ባቡሩ ተነሳ። ሲነሳ በኃይል ነው የሚነሳው፤ ፉርጎው ውስጥ ያሉት ራሶች በሙሉ፣ የአማቷም፣ የሾፌሩም፣ የባለ ጃኬቱም፣ እኩል ወደ ኋላ ዘንበል አሉ፣ እኩል ተመለሱ። ማንም እጁን አላወዛወዘላትም።