በዚያው ሽቦ

ጡረታ የወጡት የስልክ ኦፕሬተር በስልክ ነገር የሚበልጣቸውን ሰው አይወዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ከሰው ሲያገናኙ ኖረው የገዛ ታናሽ እህታቸውን ግን ቆርጠዋታል። እናታቸው ሲቀበሩ ከሰው አገር አልመጣችም ብለው ተቀየሙ። ስትደውል ድምፅዋን ገና ሲሰሙ ጆሮዋ ላይ ይዘጉባታል። አብሯቸው የሚኖረው ወንድማቸው ስሟን ካነሳ አኩርፈው ይነሳሉ።

በቅርቡ ስልኩ እንደ ትኩስ ዘይት ይንጣጣ ጀመር። ከስልክ ድርጅቱ የመጣው ቴክኒሻን መስመሩን ለካና፣

"እማማ፣ እዚህ መስመር ላይ ሌላ ድርጅት አለ" አላቸው።

"የምን ሌላ ድርጅት?"

"የኢንተርኔት። ድምፁ የኛ ነው፣ ብሮድባንዱ፣ ፈጣኑ ኢንተርኔት ማለት ነው፣ የነሱ። አንዱን ሽቦ እንጋራዋለን። የሚጮኸው ሁለቱን የሚለይ ማጣሪያ ስላልተገጠመ ነው።"

"ልጄ፣ እኔን ነው ስለ ስልክ የምታስተምረኝ? ሁለት ሰው አንድ መስመር ላይ ከገባ መስመር ተጠላለፈ ነው የሚባለው።"

"ድሮ ነው እሱ። አሁን እርስዎ እያወሩም እነሱ ይሠራሉ።"

ደማቸው ፈላ። ሳያስፈቅደኝ ማነው ቤቴ የገባው እያሉ ምንጣፉን ገልበው ሽቦውን ተከተሉት። ሽቦው ወንድማቸው ክፍል ገባ። በሩን ሳያንኳኩ ከፈቱት።

ወንድማቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይስቃል። ስክሪኑ ላይ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ ሴት አለች። የሞቱት እናታቸው መሰሏቸው።

"እትዬ?" አለች ሴትዮዋ።

ስንት ጊዜ የዘጉበት ድምፅ ነው። የበሩን መቃን ይዘው ቀሩ።

"አንቺ በስልኩ ስትዘጊባት በዚያው ሽቦ እኔ ጋ ትገባለች" አለ ወንድማቸው አንገቱን ደፍቶ። "ምን ላድርግ?"

ወንበር ሳበላቸው። ተቀመጡና፣ "ለቀብሩ ለምን ቀረሽ?" አሉ።

"ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። እሱን ልነግርሽ ነበር እኮ የምደውለው።"

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቴክኒሻኑ ማጣሪያውን ገጥሞ "ጠርቷል፣ ይሞክሩት" ሊላቸው ቢመጣ የሚሰማው አጣ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ቀስ ብሎ ወጣ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ከወንድማቸው ጎን ይቀመጣሉ። ብዙም አያወሩም። እህታቸው ስትስቅ የወለቀው የፊት ጥርሷ ቦታ በታያቸው ቁጥር ግን ታናሻቸው እንዲህ ማርጀቷ እንደ አዲስ ያስደነግጣቸዋል።