«አታሳልፈው!»

ዛሬ ከአዳማ ወደ ወንጂ ስሄድ የሚቃጠል የሸንኮራ አገዳ ሽታ በሚኒባሱ መስኮት ገባና አያቴን ይዞልኝ መጣ።

አያቴ በወጣትነታቸው ከከምባታ ለሥራ መጥተው ወንጂ የቀሩ አገዳ ቆራጭ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለምኜ ቪዲዮ ቤት ወሰድኳቸው። የፊልሙ ጀግና ሲበርና ባቡር በአንድ እጁ ሲያነሳ እኛ ልጆች ጣሪያው እስኪነቃነቅ ስንጮህ፣ እሳቸው ያንጎላጁ ነበር። ከዚያ የጀግናው አባት ሞተ። ጀግናው ተንበርክኮ ማልቀስ ሲጀምር ልጆቹ፣ «አሳልፈው! ድብድቡ ጋ አድርሰው!» ብለው ጮኹ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤትም ሪሞቱን አነሳ።

አያቴ ተነሥተው ቆሙ። «አታሳልፈው! ልጁ አባቱን እየቀበረ ነው።»

ባለቤቱ ሪሞቱን መልሶ አስቀመጠ። ድብድቡ ሲመጣ ግን ከሁላችንም በላይ የጮኹት እሳቸው ነበሩ። ክንዴን ጭምድድ አድርገው ይዘው፣ «ከኋላህ! ዙር፣ ከኋላህ ነው!» ይላሉ።

ስንመለስ፣ «አባባ፣ ሲበርማ ተኝተው አልነበር?» አልኳቸው።

«መብረርማ አሞራም ይበራል» አሉኝ። «ሲያለቅስ ካየሁት በኋላ ግን እንዳይወድቅ ፈራሁለት።»

ወንጂ ስወርድ «አታሳልፈው!» ያሉት አሁንም ይሰማኛል። የራሳቸውን አባት ለመቅበር ከምባታ ደርሰው ነበር ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኳቸውም።