ያልተቀቡት የበረንዳ ቋሚዎች

ሆሳዕና ከተማ ክረምቱ አንዴ ከገባ ልቀቀኝ ቢሉት አይለቅም። ያን ጊዜ በሰኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬ በጭቃ ከብዶ፣ ድምፄ ተዘግቶ ነበር የምገባው። ማስተማሩስ ይሁን፤ ከማስተማሩ በኋላ ስብሰባ ተቀምጦ ማጨብጨቡ ነው ሰው የሚጨርሰው። ቤት ስደርስ እናቴን በረንዳው ላይ አገኛታለሁ። እግራቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ አራት የብረት ቋሚዎች አጠገብ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች።

ቋሚዎቹን የተከላቸው ታናሽ ወንድሜ ነው። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ስለጨረሰው፣ ሾኔ ከተማ ውስጥ ከፈረሰ መጋዘን ብረት ፈልጎ አምጥቶ በገዛ እጁ አቆማቸው። ቀለሙን ለነገ አለ። በማግስቱ ገበያ እንደወጣ ከዚያው አፍሰው ለውትድርና ወሰዱት። መኪናው ላይ ሆኖ ላገኘው ጎረቤት የጮኸው አንድ ነገር ነው፦ «ቋሚውን ማንም እንዳይነካብኝ በሏቸው፤ ስመጣ እኔ እቀባዋለሁ!» ወንድሜ እንዲያ ነበር፣ ጭንቅ ውስጥ ሆኖም ይቀልዳል። መጀመሪያ ሰሞን ከሰሜን በሚመለሱ ልጆች ሰላምታ ይልክ ነበር። ኋላ ሰላምታውም ቀረ።

እናቴ ግን ቀልዱን እንደ ቃል ኪዳን ያዘችው። ብረት ያለ ቀለም ክረምት አይችልም ብዬ ብወተውታት «ወንድምሽ ይመጣል፤ አንቺን ምን አቻኮለሽ?» ትለኛለች። ዝም ብላ ደግሞ አልተቀመጠችም። ዝናቡ ሲጀምር የቋሚዎቹን እግር በእንሰት ቅጠል ሸፍና በቃጫ ጥፍር አድርጋ ታስራለች። ቆጮ በዚያው ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ዓመት ከዓመት ሲቆይ እያየች ያደገች ሴት ናት፤ ቅጠል የማያቆየው ነገር አለ ቢሏት አታምንም። ከእሷ ጋር መከራከር ሌላ ክፍል ገብቶ ማስተማር ነው። ተውኳት።

አንድ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ የበረንዳው ጣሪያ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አደረ። እዚያው ከተማችን የሚኖር የአንጋጫ ሰው፣ ግንበኛ፣ ለምኜ አመጣሁ። ቃጫውን ቆርጦ ቅጠሉን ሲገልጠው የታፈነ ውሃ ሽታ አፍንጫችንን መታው። ብረቱን በጣቱ ነካ ቢያደርገው እየተቀረፈ ወደቀ።

«እማማ፣ ውሃውን እኮ ውስጥ አፍነው ያዙት» አላት፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቆጮ እርጥበት ይወዳል። ብረት አይወድም።»

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለች።

እኔ ተናድጄባትም ነበር፣ አዝኜላትም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ግንበኛው ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፎ የበሰበሰውን የብረት እግር በመጋዝ ቆረጠው። አዲስ ብረት የሚባል ነገር ከየት ይገኛል? ሲሚንቶዋን እንኳ ያገኘሁት ቀበሌ ደጅ ጸንቼ ነው። ስለዚህ ከሥር ከፍ ያለ የሲሚንቶ መሠረት ሠርቶ፣ ውሃ እንዳያቁር ዙሪያውን ወደ ውጭ አዘንብሎ፣ የተረፈውን ደህናውን ብረት እላዩ ላይ ተከለ። ሲሚንቶው እስኪጠና በእነዚያ ግንዶች መሀል እየተሹለከለክን ወጣን ገባን።

ሲጨርስ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀና ወገቡን ይዞ ቀና አለ። «አሁን ካልተቀባ የእኔም ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው። ከሌላ ቤት የተረፈ ቀይ ቀለም ይዣለሁ። ልቀባው?»

እናቴን አየኋት። እንደ ልማዷ እምቢ ትላለች ብዬ ክርክሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን አንዱን ቋሚ በመዳፏ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው።

«ይቀባ» አለች።

ስንት ክረምት የለመንኳት ቃል ነበር። ስሰማው ግን አልፈለግኩትም። እሷ ይመጣል እያለች እስከተቀመጠች ድረስ እኔ አይመጣም ብዬ ማሰብ እችል ነበር። ለካ የእኔንም ድርሻ ጨምራ የምትጠብቀው እሷ ኖራለች።

«እማዬ» አልኳት፣ «መስቀል እኮ ደረሰ፤ የራቀ ሁሉ ቤቱ የሚገባበት ነው። እስከዚያ እንኳ እንቆየው።»

«ደከመኝ ልጄ» አለችና፣ ለግንበኛው ቦታ እንዲሆን በርጩማዋን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።