ሣጥኗ ዝም ያለች ዕለት

ሰፈራችን ሞሊኮ ውስጥ ኤፖሲን የማያውቃት የለም። ከዩኒቨርሲቲው በታች፣ በፀጉር ቤቱና በዶሮ ጠባሹ መካከል ጠባብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ አላት። ደንበኛ ገብቶ ስልኩን ሲዘረጋላት ሰላምታ አታስቀድምም። "ይሄን ብራውዘር ማነው የጫነልህ?" ትለዋለች፣ ሰውየው ሱሪው አደባባይ ላይ የተቀደደበት ይመስል። ከዚያ ስለ ሰላይ ማስታወቂያ፣ ስለ ደካማ የይለፍ ቃል፣ ስለ ሌባ ትሰብከዋለች። ሰውየው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ ነበር የመጣው።

እንዲህ የሆነችው መንግሥት ኢንተርኔት የዘጋብን ዓመት ነው። ያን ጊዜ ወጣቱ ሁሉ ላፕቶፑን ታቅፎ ኔትወርክ ፍለጋ፣ ወዳልተዘጋባት ወደ ዱዋላ ከተማ አቅጣጫ ይመላለስ ነበር። ሲከፈት ሌላው ሰው ረሳው፤ እሷ ግን የሆነ ዓይን የሚከተላት እየመሰላት ቀረች። ማስታወቂያ የማያሳልፍ፣ ሰላይ የማያስጠጋ፣ ሲዘጉት የነበረውን ሁሉ ጠርጎ የሚረሳ ብራውዘር ጫነች። እሱ ላይ ደግሞ የይለፍ ቃሎቿን ቆልፋ የምትይዝ ትንሽ ፕሮግራም ለጠፈችበት፤ "ሣጥኔ" ትላታለች። ሣጥኗ የገጹን አድራሻ ካወቀችው የይለፍ ቃሉን ራሷ ትሞላለች፤ ካላወቀችው ንክች አታደርገውም። ይሄን እስኪሰለቸን ድረስ ነግራናለች።

እኛ ማለት የልብስ ሰፊ ሴቶች ማኅበር ነን። እኛ አገር ሴቱ በበዓልም በለቅሶም የሚለብሰውን ሰፊ ቀሚስ፣ ካባን፣ እንሰፋለን። ትእዛዝ የሚመጣልን በኢሜይል ነው። የኢሜይሉን የይለፍ ቃል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ ኢሜይሉን የምትጠብቅልን ኤፖሲ፣ ሌላዋ ጸሐፊያችን ኢያ ሞጆኮ። "ኢያ" እኛ ጋ "እማማ" እንደ ማለት ነው። ኢያ ሞጆኮ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ በእጃቸው ያዋለዱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ማንም እንዲያዝንላቸው የማይፈልጉ ሴት። ኤፖሲ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ግን አንድ ዐመል አላቸው። የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ ፊደሉን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይጠሩታል።

"ኢያ፣ ኧረ በቀስታ! ዶሮ ጠባሹ ሳይቀር ሸመደደው እኮ!" ትላለች ኤፖሲ።

"ካልጠራሁት ጣቴ አይታዘዘኝም፣ ልጄ። ደሞ ዶሮ ጠባሹ ካባ ምን ያደርግለታል?"

እኛ እንስቃለን፤ ኤፖሲ አትስቅም። እሳቸውም ሣጥን እንዲጠቀሙ ስትጨቀጭቃቸው "የኔን ነገር ማሽን ከሚያስታውስልኝ ብሞት ይሻለኛል" ብለው እምቢ አሉ።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ቀን ነው። ሰኞ ሰኞ በአድማው ምክንያት ከተማው ዝግ ስለሆነ ማክሰኞ ሥራ ይደራረባል። ክፍሏ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መብራት ሄዷል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል። በዚህ መሀል በማኅበሩ ኢሜይል መልእክት ገባ፤ "ኢሜይላችሁ ሞልቷል፤ አሁኑኑ ገብታችሁ ካላጸዳችሁ የሚላክላችሁ ሁሉ ይመለሳል" ይላል። ኤፖሲ ሊንኩን ተጫነችው። የምታውቀው የመግቢያ ገጽ ወጣ። ሣጥኗ ግን አልሞላችም፤ ጭጭ አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠራጠር ይሆናል። ኤፖሲ ግን ይህን ዝምታ ከለመደችው ቆይታለች። ያ ብራውዘሯ ጥብቅነቱ ለከት የለውም፤ ደህናውንም ገጽ እየሰነካከለ ሣጥኗን ሥራ ያስፈታታል። እንዲህ ሲያደርጋት ብራውዘሩን ትሰድብና፣ ሣጥኗን ከፍታ የይለፍ ቃሉን ትገለብጥና፣ በገዛ እጇ ትለጥፈዋለች። ያን ቀንም "ይሄ ደረቅ ደሞ ጀመረው!" አለችና ገልብጣ ለጠፈች። ደረቁ ግን ያን ቀን ምንም አላጠፋም። ሣጥኗ ዝም ያለችው አድራሻው የኢሜይላችን ሳይሆን የሌባ ስለነበረ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኢሜይሉ አልከፈት አለ። ሌባው የይለፍ ቃሉን ቀይሮ በኛ ስም ለደንበኞቻችን ሁሉ የልመና ደብዳቤ በትኗል፤ አንዷ ሰፊያችን ሆስፒታል ተኝታ እያጣጣረች ነው ብሎ። እኛ የሰማነው ለሊቀመንበራችን ለሊሙንጋ አንዲት የዱዋላ ደንበኛ ደውላ "እናንተ ለማኞች!" ብላ ስትሰድባት ነው። በማግሥቱ ሊሙንጋ ቤት ተሰበሰብን። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ሁላችንም ዞረን ኢያ ሞጆኮን አየናቸው፤ እኔም አይቻቸዋለሁ።

"መቼም ኤፖሲ አትሆንም" አለች ሊሙንጋ። "እሷ ጋ እንኳን ሌባ ንፋስም አይገባም።"

ኢያ ሞጆኮ ወደ ኤፖሲ ዞሩ። "ልጄ፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። እኔ ነኝ?"

ኤፖሲ በዚያን ሰዓት እውነቱን ታውቃለች። ያ የውሸት ገጽ ላፕቶፗ ላይ እንደተከፈተ ስላደረ፣ ጠዋት አድራሻውን አንብባ ነው ስብሰባ የመጣችው። ልትናገር አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ኢያ... ሰሞኑን ጮክ ብለው ሲጠሩት የሰማ ሰው ነዋ።"

ኢያ ሞጆኮ አንገታቸውን ደፉ። ጸሐፊነቱን ለሌላ ሰጠን፤ እሳቸውም አልተከራከሩም። ከዚያ ወዲያ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ መቀመጥ፣ ገበያም ሰው ሳይበዛ ደርሶ መመለስ ጀመሩ። ዶሮ ጠባሹ "ኢያ፣ ዛሬስ ምን ፊደል አለ?" እያለ ሲያላግጥባቸው ዱሮ ቢሆን ልኩን ያሳዩት ነበር። አሁን እርምጃቸውን አፍጥነው ያልፋሉ።

ኤፖሲም መስበክ ተወች። ሰው የፈለገውን ብራውዘር ይዞ ቢመጣ ፎቶ ኮፒውን አንስታ ትሸኘዋለች። እኛ ሞኞቹ ለማኅበሩ አዝና ነው ብለን ኮኪ፣ በቅጠል የሚጠቀለለውን የአደንጓሬ ሊጥ፣ ቀቅለን ወሰድንላት። ያ ኮኪ ጉሮሮዋ ላይ እንደቆመ፣ ደግነታችን ከስድብ እንደባሰባት፣ በኋላ ነግራኛለች። ደህና አድርጎ ይቁምባት አልኩ በሆዴ።

አንድ ከሰዓት ኢያ ሞጆኮ ጎደሬ በዘንቢል ይዘው ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

"አልቀመጥም። ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት" አሉ። "ስንቴ መከርሽኝ። ግትር ሆኜ ልፋትሽን ገደል ከተትኩት።"

"ኢያ፣ በእግዜር! እንደሱ አይበሉኝ!"

"ልበል እንጂ። ሸክም ሆኖብኛል።"

ዘንቢሉን አስቀምጠው ሄዱ። ኤፖሲ ሱቁን ከውስጥ ቆልፋ፣ ተማሪዎቿ እያንኳኩ፣ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በሚቀጥለው ስብሰባ ገና ጸሎቱ ሳያልቅ ተነሳች። "ኢያ አይደሉም፤ እኔ ነኝ" አለች። "ሣጥኔ አልሞላ ስትለኝ ገልብጬ በእጄ ለሌባው ሰጠሁት። እሳቸው ላይ ያላከክሁ ጊዜ እውነቱን አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው።"

ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ ቀና ብሎ ኢያ ሞጆኮን ያየ አልነበረም። እኔ የያዝኩትን ጨርቅ እጥፋት እቆጥር ነበር። ሊሙንጋ ግን ማፈሯን በቁጣ ለመሸፈን ይመስለኛል እሳቸው ላይ ጮኸች።

"ታዲያ እርስዎስ ለምን አፍዎን ይዘው ተቀመጡ? አልነካሁም አይሉም ነበር?"

"ዓይኔን አሞኝ ስለነበር ያን ሳምንት ኮምፒውተሩ ጋ አልሄድኩም" አሉ ኢያ ሞጆኮ በቀስታ። "እኔ የማውቀው እንደሱ ነበር። ኤፖሲ ግን እርስዎ ነዎት አለችኝ፤ እሷ ደሞ አትሳሳትም። ቤቴ ገብቼ መቼ እንደሄድኩ ላስታውስ ብል፣ ብል፣ እምቢ አለኝ። ጭንቅላቴ እየሄደ ነው አልኩ። እናቴንም እንደዚሁ ነበር የጀመራት።"

ኤፖሲ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እሳቸው ራሷን ዳሰስ አደረጓት። ወደ ሊሙንጋ ዞረው ንግግራቸውን ቀጠሉ።

"ለልጄ ደወልኩለት። ብቻዬን መኖር አልችልም፣ ና ውሰደኝ አልኩት። ቤቱን አከራይቼዋለሁ፤ ሰዎቹ ትናንት ገብተዋል።"